አንዴ ብቻ የሚጠራው

ወንድማገኝ ከዘንገና የተመለሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሪው ከበራቸው ፊት ሲቆም ማናየሽ በመስኮት አየችው፤ የካሜራውን ሻንጣ በትከሻው አንግቶ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያውን በብብቱ ይዞ ወረደ። የወትሮው ወንድማገኝ ቢሆን ገና ከደጅ ሳለ «ቻርጀሩን አምጪው» ይል ነበር። ያን ቀን ግን ሻንጣውን ደፍ ላይ አኖረና ቆሞ አያት። ባሏ እንዲህ ረጋ ብሎ ካያት ብዙ ዘመን ስለሆነ፣ ማናየሽ መጀመሪያ ያደረገችው ቀሚሷን ወደ ታች መመልከት ነው፤ የተበላሸ ነገር ያለ መስሏት።

«ማናየሽ» አላት።

«አቤት።»

መዳፉን ጉንጯ ላይ አሳረፈ። እጁ ከምንጭ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን አላሸሸችም። በዚያ ቅጽበት ሁለት ነገር አብሮ ተሰማት። አንዱ ደስታ ነው። ሌላው፣ ይህን ያስተማረችው ሴት አለች የሚል ጥርጣሬ ነው።

ባልና ሚስቱ ዳንግላ ከተማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ሥራ ነበራቸው። እሱ ይቀርጻል፤ እሷ ከቤታቸው የፊት ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች። ስንቱ ሙሽራ ሙሽራይቱን አቅፎ በሐይቅ ዳር ሲራመድ አይታለች። በራሷ ቤት ግን ፍቅር ከደረቀ ቆይቷል። ጠብ አልነበረም። ወንድማገኝ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል፤ ስሟን የሚጠራው ዕቃ ሲፈልግ ነው። እሷም ነገሩን እንደ አየር ጠባይ ተቀብላው ኖራለች።

የዘንገናው ሥራ ሰርግ አልነበረም። ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ፊልም ሊሠሩ ቀጥረውት ነው። ታሪኩ ከሐይቅ ወጥታ ከአንድ ባለትዳር ገበሬ ጋር ስለምትተኛ፣ ሰውዬውንም ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ስለምትወስድ ሴት ነው፤ አስፈሪም ነው፣ ገላም ይታይበታል። ማናየሽ እሑድ እሑድ አብረዋት ለሚያመልኩ የጉባኤዋ ሰዎች «ስለ ተፈጥሮ ነው» ብላ አልፋዋለች።

ዳይሬክተሩ ዋና ዋናው ትዕይንት በቀትር እንዲቀረጽ አዝዞ ነበር። ዘንገና በገደል የተከበበ ጎድጓዳ ሐይቅ ስለሆነ፣ ፀሐይ ውሃውን ሙሉ በሙሉ የምታገኘው አናት ላይ ስትቆም ብቻ ነው፤ የተዋናይቷ እርጥብ ገላ በዚያ ብርሃን እንዲታይ ፈለገ። የአካባቢው ሰው በቀትር ወደ ውሃው አይወርድም። ወንድማገኝ ተወልዶ ያደገው ከሐይቁ በላይ ካለው መንደር ነውና ይህን ያውቃል። ቢያውቅም አልተናገረም። ካሜራ ይዞ ከከተማ ሰዎች ጋር የቆመ ሰው የእናቱን ፍርሃት ማውራት ያፍራል።

ከተመለሰ በኋላ በነበሩት ቀናት ማናየሽ ባሏን እንደ ሌባ ትጠብቀው ጀመር። ልብሱን አሸተተች፤ ሽቶ አጣችበት፤ የረጋ ውሃና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ግን ነበረው፣ ቢታጠብም አልለቀቀውም። ስልኩን ፈተሸች፤ ምንም የለም። እሱ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል ይቀርባታል። ኮምፒውተሩ ላይ ስትሠራ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷ ሥር ከንፈሩን ያሳርፋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ወደ ጓዳ መራት።

ያን ሰዓት በኋላ ስታስታውሰው ፊቷ ይግል ነበር። አልቸኮለም። ገላዋን አዲስ አገር እንደሚያይ መንገደኛ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል አዳረሰው። ቅዝቃዜው መጀመሪያ አስደነገጣት፤ ከዚያ ግን የእሷ ሙቀት ወደ እሱ ሲፈስ ታወቃት፤ መስጠት እንዲህ እንደሚጥም አታውቅም ነበር። ሲያበቃ ደረቱ ላይ ራሷን ጣለች። ለረጅም ጊዜ ጆሮዋን በግራ ደረቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ጸጥታ ነው። ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ዞረች። ልቡ የሚመታው እዚያ ነበር።

ያልጠረጠረችው ነገር የለም፤ ይህን ግን ምን ብላ ትጠርጥር? ደክሞኝ ነው አለች ለራሷ።

ሰኞ ጠዋት እሱ ገበያ ሲወጣ ለተዋናይቷ ለሰርክአዲስ ደወለች። ስለ ድምፅ ጥራት የምትጠይቅ መስላ ጀመረች። ልጅቷ ወዲያው ገባት።

«እህቴ፣ ስለ ድምፅ ነው ወይስ ስለ ባልሽ?» ብላ ሳቀች። «እኔን እኮ አንድ ቀን አላየኝም። ያን ሁሉ ልብስ አውልቄ፣ ብርዱ አጥንቴን ሲበላው፣ ሰውየው የሚያየው ከኋላዬ ያለውን ውሃ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ብሎኛል።»

ማናየሽ እፎይ ልትል ነበር። ሰርክአዲስ ግን ቀጠለች። በመጨረሻው ቀን ቀትር ላይ፣ ሁሉም ጸጥ እንዲል ታዝዞ እሷ ከውሃው ስትወጣ፣ ወንድማገኝ ከካሜራው ኋላ ሆኖ «አቤት» በማለቱ ትዕይንቷን አበላሸባት። ማንም አልጠራውም። ዳይሬክተሩ ተናዶ ሁሉንም ለምሳ በተናቸው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ወንድማገኝ ብቻውን ከታች ቀረ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማናየሽ ሳትነሣ ቆየች። አማቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ያሏት ነገር ትዝ አላት። ማናየሽ ሙሽራ ሆና መንደራቸው የሄደች ጊዜ ነው። አሮጊቷ ቁጭ አድርገው መክረዋት ነበር፤ ስምሽን አንዴ ሲጠሩሽ ብትሰሚ አቤት አትበይ፤ ሰው የሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ ያ ግን አንዴ ነው የሚጠራ። የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ሳይቀር፣ ይህን ይጠብቃል። ማናየሽ ግን በጉባኤዋ እንዲህ ያለውን ነገር መጣል እንጂ መጠበቅ አልተማረችም። እምነቷን ለማሳየት ብላ አማቷ ፊት በመጀመሪያው ጥሪ ቶሎ አቤት ማለትን ልማድ አደረገችው። ወንድማገኝም ቀስ በቀስ ከእሷ ለመደው። እሷ ናት ያስለመደችው።

ባሏ ከተመለሰ ጀምሮ ስሟን የጠራባቸውን ጊዜያት አንድ በአንድ አሰበች። ሁለቴ የጠራበትን አንዱንም ማስታወስ አቃታት።

የተበላሸውን ትዕይንት ከካሜራው ካርድ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፤ ወንድማገኝ ከቀረጸው የማይረባውን እንኳ የማይሰርዝ ሰው ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። ሰርክአዲስ ከውሃው ወጣች፤ ውሃ ከትከሻዋ ይንጠባጠባል። ጸጥታ። ከዚያ የወንድማገኝ ድምፅ፦ «አቤት።» ድምፁን ወደ ኋላ መልሳ አዳመጠች። ከዚያ መልስ በፊት ማንም ሲጠራው አይሰማም፤ የወፎቹ ጫጫታ ግን በአንድ ጊዜ ተቆርጧል። ቀጥሎ የዳይሬክተሩ ስድብ፣ የሰዎች እግር፣ ሳቅ፤ ሁሉም እየራቀ ሄደ። ካሜራው አልጠፋም።

ወንድማገኝ ከካሜራው ኋላ ወጥቶ ወደ ውሃው ተራመደ፤ ጀርባው ይታያል። ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ተመለከተ። በዚያ የቀትር ብርሃን ውሃው ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ጥቁር ነበር። በጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ፤ ማናየሽ የካሜራው ጉድፍ መሰላት። ንፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ግን ነጥቦቹ አልተናወጡም። ከውሃው ላይ ሳይሆኑ ከሥሩ፣ እጅግ ከራቀ ሥፍራ ነበሩ። ከዋክብት ናቸው፤ የምታውቃቸው ግን አይደሉም። ከመሀላቸው አንድም ኮከብ የሌለበት ሰፊ ቦታ አለ። እያየችው ያ ባዶ ቦታ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ድምፅ ወደ ሰማበት እንደሚዞር።

ወንድማገኝ ተመልሶ ወደ ካሜራው መጣ። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ምስሉን ሞላው፤ በአውራ ጣቱ ሥር፣ በልጅነቱ ገብስ ሲያጭድ የቆረጠው የማጭድ ጠባሳ ነበር። ጠባሳው በግራ እጁ ነው፤ ማናየሽ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። አሁን ግን በቀኝ እጁ ነው። በጣቶቹ መሀል፣ ማንም ባልቆመበት ዳርቻ፣ የወንድማገኝ ምስል በውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል።

ማናየሽ ኮምፒውተሩን አጠፋች። ጸለየች፤ ቃላቱ ከአፏ ወጥተው የት እንደሚደርሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እርግጠኛ አልነበረችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ገባ። ከሳሎን ጠራት፤ «ማናየሽ።» ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ድጋሚውን ጠበቀች። አልመጣም። በምትኩ እሱ ራሱ መጣና ከማጀቱ በር ላይ ቆመ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ለምን አልመለስሽልኝም ብሎ በልስላሴ ጠየቃት፤ ጣቶቹ የጆሮዋን ሥር ነክተው ወደ አንገቷ ወረዱ። የሠራችውን ስህተት የሠራችው ያን ጊዜ ነው፤ ሳታስበው፣ እንደ ሚስት፣ እውነቱን ነገረችው።

«እናትህ የሚሉትን ረሳኸው? ሰው የሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል።»

ቀና ብላ ፊቱን አየችው። አዲስ ነገር የተማረ ሰው ፊት ነበር።

«ማናየሽ» አላት። «ማናየሽ። ማናየሽ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ጨርቅ ልገዛ ነው ብላ ወጣች። በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ጥሊሊ በሚሄድ መኪና ዘንገና ወረደች። በመንገዱ ዳር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ከሰል ጫኚዎቹ ይቀላለዳሉ። አማቷን ከቤታቸው በረንዳ የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ማናየሽ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፤ ያየችውንም ሁሉ፣ ያፈረችበትን ብቻ ትታ፣ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ አልተደነቁም። ሐሙስ ዕለት ልጃቸው በአስፋልቱ ሲያልፍ ሦስት ጊዜ እንደጠሩት፣ ዞር ብሎ አይቷቸው እንደማያውቃቸው እንዳለፈ ተናገሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ለማን ልንገር? ለአንቺ? በሳቅ ነበር የምትገድዪኝ።»

ማናየሽ አቀረቀረች። ወይዘሮ ስሜነሽ ወደ ገደሉ አፍ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌላው ጋኔን ነው ይለዋል። እኔስ አይመስለኝም። ጋኔን ይገሠጻል፤ ጠበል ይፈራል። ይኼ ግን ምን ይፈራል? እኛ ከመፈጠራችን በፊት የነበረ ነው፤ ቁልቁል ያለ ሰማይ ነው ልጄ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ውሃ ስሜ ሲጠራ ሰምቻለሁ። አንዴ ነው፤ በማውቀው ሰው ድምፅ ነው። አቤት ብዬ አላውቅም።»

ማናየሽ ባሏን ሳታይ እንደማትመለስ ስትናገር አሮጊቷ አልከለከሏትም። ማንም ቢጠራት እስኪሠልስ ዝም እንድትል ብቻ አስማሏት፤ ራሳቸው ከገደሉ አፍ ላይ ሊጠብቋት ተስማሙ።

ቁልቁለቱ በጽድና በክትክታ የተሸፈነ ነው። ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ሰማያዊ ነው፤ አብሯት የሚስቅ ሰው ቢኖር በራሷ ትስቅ ነበር። ከጫፉ ጎንበስ አለች። ወፎቹ ዝም አሉ። ሰማያዊው ከዳርቻው እየተገፈፈ ጠቆረ፣ ከዋክብቱም ወጡ፤ ከእግሯ በታች ያለው ጥልቀት ከራሷ በላይ ካለው ይበልጣል። መሬት በሁለት ሰማይ መካከል የተዘረጋች ስስ ቆዳ እንደሆነች ገባት፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ቆዳዋ ተቀዷል።

ወንድማገኝ እዚያ ነበር። ከስቷል፤ ጸጉሩ እንደ ሣር ይወዛወዛል። ጠባሳው በግራ እጁ ላይ ነው። አይቷት ደረቱን በአየር ለመሙላት እንደሚታገል ሰው ተንፈራገጠ፤ ድምፁም ከሩቅ፣ ደክሞ፣ ተሰላችቶ፣ ዘጠኝ ዓመት እንደሰማችው ሆኖ መጣ።

«ማናየሽ።»

አንዴ ነው። ድጋሚውን ጠበቀች። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። እሱ ነው፤ እንዴት አታውቀውም? ቻርጀሩን አምጪው የሚላት ድምፅ ነው። ግን አንዴ ብቻ ነው የጠራት፤ ለአማቷም ምላለች። ማመንም አለማመንም እኩል አስፈራት።

ከበስተኋላዋ ከዛፎቹ መሀል ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«ማናየሽ።»

አልዞረችም።

«ማናየሽ።»

ተከትሏት መጥቷል። በፍቅር ይጠራታል፤ ስሟ በእርሱ አፍ ውስጥ ሲሞቅ ይሰማታል።

«ማናየሽ።»

ማን እንዳስተማረው ታውቃለች። የሰው ሥርዓት እንደሆነ፣ ከእሷ አፍ ወስዶት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ጥሪ ሐሰት እንደሆነ ታውቃለች። ከታች ያለው ለዓመታት ለዕቃ ሲጠራት የነበረ ባል ነው። ከላይ ያለው ከሐሙስ ጀምሮ እሷን ራሷን የጠራ ነው። ሥርዓቱም ተፈጽሟል፤ ሦስት ጊዜ ነው። ምክንያቱ ይህ ይሁን ያ፣ ልማድ ይሁን ምኞት፣ ራሷም መለየት አልቻለችም። አንደበቷ ቀደማት።

«አቤት» አለች።

መውደቅ አልነበረም። ሰማዩ ብቻ ተገለበጠ። ቅዝቃዜ እስከ አጥንቷ ገባ፤ ከዚያ በላይ፣ እንደ መስኮት መስተዋት ካለ ነገር ወዲያ፣ ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት ሴት በዳርቻው ቆማ አየች። ሴቲቱ ወደ ታች ተመለከተች፣ ፈገግ አለች፣ ዞረች። ሰውየው ከዛፎቹ ወጥቶ እጇን ያዛት። በማዶ ባለው መንገድ፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች ተቃቅፈው፣ ወደ አስፋልቱ ወጡ።

ማናየሽ ከጎኗ እጅ ተሰማት። ወንድማገኝ ነው፤ ጣቶቹ ሞቃት ነበሩ። ሊናገራት አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። የነበረችው አንዲት ትንፋሽ በእሷ ስም ላይ አልቃለች። ከሁለቱም በታች፣ ኮከብ በሌለበት ቦታ፣ ያ ግዙፍ ነገር ያለ ጥላቻ፣ ያለ ፍቅር ቀስ ብሎ ዞረ።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ሲጀምር ወይዘሮ ስሜነሽ በትራቸውን ተመርኩዘው ወረዱ። ከውሃው ራቅ ብለው ቆሙና ምራታቸውን ሦስት ጊዜ ጠሩ። ማናየሽ ከሥራቸው ሆና የነጠላቸውን ጥለት ሳይቀር ታያለች። ደረቷ ውስጥ ያለችው ትንፋሽ ለአንድ ቃል ብቻ የምትበቃ መሆኗ ገባት፤ ሰው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረው፣ መልስ የነፈገው ጥሪም የእነማን ሊሆን እንደሚችል አብሮ ገባት። ያላትን ሁሉ ሰብስባ ጮኸች።

«እማማ።»

አሮጊቷ ሰምተዋል። ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ድምፁን አውቀውታል። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ጀመሩ።